«ማን ፊት?» ትል የነበረችው እህቴ

እህቴ ያረፈች ዕለት ጠዋት የዕድሩ ጡሩምባ ነፊ በራችን ላይ ቆሞ፣ «ምን ብዬ ልንገር?» አለኝ።

ጥያቄው ከባድ አልነበረም። በከተማችን በመሐል ሜዳ ሰው ሲሞት ጡሩምባ ነፊው ከነማዕረጉ ነው የሚጠራው፤ መሪጌታ እገሌ፣ መምህር እገሌ፣ የእገሌ ባለቤት ይላል። የእህቴ ግን ብዙ ነበር። እህቴ መምህርት ነበረች። የበጎ አድራጎት ማኅበራችን ሊቀመንበርም ነበረች። ገጠር ያለው ሰው ደግሞ «የስልኳ ልጅ» ነበር የሚላት። የቱን እንደምመርጥ ግራ ሲገባኝ፣ «የሺመቤት በላቸው፣ የአቶ በላቸው ልጅ በል» አልኩት። ራቅ ካለ በኋላ ግን ሲጣራ ሰማሁት። «የማኅበራችን የሺ፣ የሁላችን የሺ» ይል ነበር። እኔ ያላልኩትን ከራሱ ጨምሮ ነው። አልተቆጣሁም።

እኔ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። መጻፍም ብዙ አይሆንልኝም። ግን ስለ እሷ ሌላ ሰው ከሚጽፍ እኔው ብሞክር ይሻላል ብዬ ነው።

እትዬ የሺ ቀጭንና ረጅም ነበረች። መነጽር ታደርጋለች። ሰው ወሬ ሲያረዝምባት አታቋርጠውም፤ መነጽሯን አውልቃ በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች። ጠረጋው አያልቅም። ተናጋሪው ገብቶት ዝም ሲል መልሳ ታደርገዋለች። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ተምራ፣ አዲስ አበባ ጥቂት ሠርታ ተመለሰች። ለምን ተመለስሽ ሲሏት «እዚያ ብርዱ አይበቃኝም» ትል ነበር። እውነተኛውን ምክንያት ለማንም አልተናገረችም፤ ለእኔም ጭምር።

አንድ አባባል ነበራት። ማንም ሰው «ተስማምተናል» ወይም «ተወስኗል» ሲላት፣ «ማን ፊት?» ትላለች። ቤት ውስጥም አትተወውም። አንድ ጊዜ ከጓደኞቼ ጋር ካርታ መጫወት ትቻለሁ አልኳት። «ማን ፊት?» አለችኝ። እናቴን ጠርታ እናቴ ፊት አስደገመችኝ። ከዚያ በኋላ እንዴት ብዬ ልጫወት?

ይህን ከየት እንዳመጣችው አውቃለሁ። ያደግነው ከጓሳው አጠገብ ነው። ጓሳ ቤት የሚከደንበት፣ ገመድ የሚገመድበት ሣር ነው። ሣሩ እንዲያድግ ሜዳው ለዓመታት ይዘጋል፤ ከዚያ ለአንድ ወቅት ይከፈትና ይታጨዳል፣ እንደገና ይዘጋል። የሚዘጋውም የሚከፈተውም ሕዝቡ ተሰብስቦ፣ ሁሉም እየሰማ ነው። ማንም ብቻውን ተነስቶ አይከፍተውም። አባታችን ይህን እየነገረን ነው ያደግነው። እኔ እንደ ተረት ሰማሁት። እሷ ግን እንደ ሕግ ያዘችው።

ማኅበራችን ጧሪ የሌላቸውን አረጋውያንና ወላጅ ያጡ ልጆችን ይረዳል። እነዚህ አረጋውያን አብዛኞቹ የሚተዳደሩት በጥቂት በጎች ነው። በጎቹ ካለቁ ማኅበሩ ደጅ መጥተው ይቆማሉ። አንድ ክረምት በሽታ ገብቶ በጉን ሲፈጀው እትዬ የሺ በስብሰባ ላይ፣ «ሰውየው ከደኸየ በኋላ ከምንረዳው በጉ ሳይሞት ብንረዳው አይሻልም?» አለች። ነገሩ የተጀመረው ከዚህ ነው።

ገበሬው በማንኛውም ስልክ ወደ ማኅበሩ ይደውላል። በጌ ያስላታል፣ አፍንጫዋ ይፈሳል፣ ምን ላድርግ ብሎ በአፉ ይጠይቃል። የሚያነሳው ሰው ሳይሆን በኮምፒውተር የሚሠራ ማሽን ነው፤ ሰምቶ የእንስሳት ሐኪሞችን ምክር ይነግረዋል። ከባድ ከሆነም ወደ እንስሳት ሐኪም ይመራዋል። ይህን አብሯት የሠራው የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዋ ኢንጂነር ሙሉጌታ ነው። የመርሐቤቴ ልጅ ነው፤ ሳቂታ፣ ፈጣን፣ ሰው የሚወደው።

ማሽኑ መጀመሪያ የሚያውቀው የሬዲዮ አማርኛ ብቻ ነበር። ጥርሳቸው ያለቀ ሽማግሌ ሲናገሩ አይገባውም። ነፋስ ላይ ቆሞ የሚጮህ ሰውም አይገባውም። ስለዚህ የሰዉን ድምፅ እየቀዳን ማስተማር ነበረብን። ከሞላሌ እስከ ቀየት ዞርን። እኔም ያኔ ነው ሥራውን የጀመርኩት። ቀየት ላይ ወይዘሮ አስካለ የምትባል ሴት በጎረቤቶቿ መካከል ቆማ፣ «ድምፄን ወስዳችሁ ምን ልታደርጉት ነው? ለገበያ ነው?» አለች። ሰዉ ሳቀ። እትዬ የሺ አልሳቀችም። «ለማኅበሩ ነው፤ ለበግ ነው። ከዚህ ውጭ ለምንም አይውልም» አለች። ያን ሁሉ ሰው ፊት አለችው። አስካለም «እንግዲያው ቅዱኝ» ብላ ተቀመጠች፤ ስትናገር ዋለች፤ ማስቆም አቃተን።

ሥራው እንደተጀመረ ያላሰብነው ነገር መጣ። ሰዉ ማሽኑን ሰላምታ ይጠይቀዋል። እንደምን አደርክ፣ ልጆቹ ደህና፣ ከብቱ ደህና እያለ ጥያቄውን ሳያነሳ ጊዜው ያልቅበታል። ሙሉጌታ ተማረረ።

«የሺ፣ ማሽን ምን ልጅ አለው? ሰላምታውን እናስዘልለው። ቀጥታ ወደ በጉ ይግቡ።»

«ሰላምታ ያልመለሰ ቤት በግ አይጠየቅም።»

«ማሽን ነው እኮ።»

«ማሽኑ የማን ነው? የማኅበሩ ነው። የማኅበሩ ከሆነ ሰላምታ ይመልሳል።»

«እናንተ መንዞች ብርዱን የምትከላከሉት በሰላምታ ነው መሰለኝ። እኛ መርሐቤቴ ሙቀት አለ፤ ባጭሩ እንገናኛለን።»

«ባጭሩም ትጣላላችሁ» አለችው።

እሷ አሸነፈች። ማሽኑ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እናንተስ ደህና ናችሁ?» ማለት ተማረ። ሰዉም «ጨዋው ልጅ» አለው። በግ ያልታመመባቸው ሰዎች ሳይቀሩ ለሰላምታ ብቻ ይደውሉ ጀመር። ሙሉጌታ ራሱን ይዞ ይስቅ ነበር።

ሥራው ሲሰፋ ገንዘብ ያስፈልገው ጀመር። የሕግ ባለሙያ ጠየቅን። በጎ አድራጎት ማኅበር ባለሀብት ማስገባት አይችልም፤ ማኅበሩ የራሱን ኩባንያ ያቋቁምና በኩባንያው በኩል ይሁን አለን። እንደዚያው ሆነ። ሙሉጌታ የኩባንያው ሥራ አስኪያጅ ሆነ። እትዬ የሺ የማኅበሩ ቦርድ ሰብሳቢ ነበረች፤ ለዚያ ደሞዝ የለውም። በኩባንያው ደግሞ የቴክኒክ ኃላፊ ሆነች፤ ለዚህ ደሞዝ አለው። ሌሎቹ የቦርድ አባላትም እንደዚሁ ሁለቱም ጋ ተቀመጡ። ማንንም አልከነከነውም። በእኛ አገር የዕድር ዳኛው የዕቁቡም ዳኛ ነው፤ የደብሩም ሰበካ ጉባኤ ውስጥ እሱው አለ። የሚታመን ሰው ከተገኘ ሁሉም ነገር ለእሱ ይሰጣል። እኛ የምናውቀው አደራ ሰው ላይ መጣልን ነው። አንዱ ወንበር ሌላውን ይጠብቃል የሚል ነገር ከአባቶቻችንም አልሰማንም።

ነገሩ የተበላሸው በምሳ ሰዓት ነው። ከአዲስ አበባ ባለሀብቶች መጡ። ኩባንያው ውስጥ ሊገቡ ፈልገው፣ ከሙሉጌታ ጋር ሲነጋገሩ ሰንብተዋል። የበግ ጥብስ ቀረበ፤ ጨዋታው ደራ። አንደኛው እንግዳ እትዬ የሺን ሊያመሰግናት ፈልጎ፣ «የእናንተ ማሽን እኮ እኛ ጋ ሥራ ጀምሯል» አላት። «የእግር ኳስ ውርርድ ድርጅት አለን። የገጠር ልጅ በስልክ ሲወራረድ ንግግሩ የሚገባው እሱ ብቻ ነው። ለሙከራ ነው፤ ግን ተወዷል።»

እህቴ ጉርሻዋን ትሪው ላይ መለሰችው። ሙሉጌታን አየችው። ሙሉጌታ ወደ መስኮቱ ዞረ።

ሙሉጌታ እንግዶቹን ሊሸኝ ወደ ደብረ ብርሃን ሲወርድ እሷ የማኅበሩን ቦርድ ሰበሰበች። አራት ሆነው በሩን ዘግተው ተቀመጡ። ሲወጡ ስልክ ደወለችለት። «ሙሉጌታ፣ ቦርዱ ከሥራ አስኪያጅነት አንስቶሃል» አለችው። ሌላ ቃል አልጨመረችም። ደንቡ ይፈቅድላታል፤ በኩባንያው ላይ የሚሾም የሚሽር ማኅበሩ ነው።

በማግሥቱ የኩባንያው ወጣቶች ሥራ አቆሙ። ሙሉጌታ ካልተመለሰ አንመለስም አሉ። ማሽኑን የሚያውቁት እነሱ ናቸው፤ እነሱ ከሌሉ ማሽኑ ዝም ይላል። ዝም አለም። የእኔ ሥራ ማሽኑ ያልገባውን ጥሪ ማዳመጥ ነበር። ቢሮው ውስጥ ብቻዬን ቀረሁ። ስልኩን አነሳለሁ፤ የምመልሰው ግን የለኝም። «ልጄ፣ ያ ጨዋው ልጅ የት ሄደ? ታመመ እንዴ?» ይሉኛል። ወቅቱ በጎች የሚወልዱበት ነበር።

ከተማው እሷ ላይ ዞረ። ገበያ ላይ «ደሞዙም ሥልጣኑም ለእሷ እንዲሆን ነው ሰውየውን ያባረረችው» ተባለ። የሙሉጌታን ጥፋት ከቦርዱ ውጭ የሚያውቅ የለም። እሷም አትናገርም። «ሕጉ ከእኔ ጋር ነው» ትላለች። ምግብ አልበላ አላት። ማኅበሩ ሊፈርስ እንደሆነ፣ የሰዉም ድምፅ እንዲሁ ባክኖ ሊቀር እንደሆነ ፊቷ ላይ አነብ ነበር።

አንድ ጠዋት አቶ ደምሴ የሱፍ ባናቸውን ደርበው ቤታችን መጡ። በጉልምስናቸው ጓሳውን ከሚጠብቁት አንዱ የነበሩ፣ የአባታችን ወዳጅ ናቸው። ሰላምታው ካለቀ በኋላ ቀጥታ ገቡበት።

«ሙሉጌታን አባረርሽው አሉ።»

«አዎ አባቴ። የሠራውን ቢሰሙ እኮ...»

«የሠራውን አልጠየቅሁሽም። ማን ፊት አባረርሽው?»

እትዬ የሺ ቀና ብላ አየቻቸው። የራሷን ቃል ከሌላ ሰው አፍ ስትሰማው ያን ቀን የመጀመሪያዋ ይመስለኛል።

«ቦርዱ ፊት» አለች።

«ጓሳ ሲዘጋ ሌባው ሳይቀር መሐላችን ቆሞ እየሰማ ነው። በኋላ ሲያጭድ ብንይዘው የሚከራከረን የለም። አንቺ በር ዘግተሽ ዘጋሽ። እንግዲህ ሌባው ማን ነው፣ ጠባቂው ማን ነው? እኔ ራሴ ተምታታብኝ።» ቀጠሉና፣ «ደሞዝሽ ከየት ነው?» አሏት።

«ከኩባንያው።»

«የሙሉጌታ ሠራተኛ አንቺ፤ የሙሉጌታ ሿሚ አንቺ። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም፤ ይህን ዩኒቨርሲቲ አላስተማሩሽም?»

«ይህንንስ እዚሁ ነው የተማርኩት።»

«እንግዲያው ውረጂ።»

መነጽሯን አውልቃ መጥረግ ጀመረች። አቶ ደምሴ ግን ዝም የሚሉ ሰው አይደሉም። ጠርጋ ጠርጋ መልሳ አደረገችውና፣ «እሑድ ሰው ይጠራልኝ» አለች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ጥዶቹ ሥር ሰዉ ተሰበሰበ። ድምፁን የሰጠ ሁሉ እንዲመጣ ነበር የተጠራው። ከሞላሌም ከቀየትም ሚኒባስ ሞልቶ መጣ። ሙሉጌታም ከወጣቶቹ ጋር መጥቶ ወዲያ ማዶ ቆመ። እትዬ የሺ ተነሳች።

«ሙሉጌታ ድምፃችሁን እናንተን ሳይጠይቅ ለውርርድ ሰጠ። እኔም እናንተን ሳልጠይቅ ሙሉጌታን አባረርኩ። የእሱን ጥፋት ሳልነግራችሁ የእኔን አይታችሁ ተቆጣችሁ፤ ልክ ናችሁ። አሁን ሁለታችንንም ስሙንና ፍረዱ።»

እንዲህ ብላ ተቀመጠች። እኔ እኮ ረጅም ንግግር ጠብቄ ነበር።

ሙሉጌታ ወደ መሐል መጣ። አልካደም። «ማሽኑ በነፃ አይሠራም» አለ። «ኮምፒውተሩ ኪራይ አለው፣ ልጆቹ ደሞዝ አላቸው። የለጋሾቹ ገንዘብ እያለቀ ነው። ባለሀብት ካልገባ የሚቀጥለው ክረምት ላይ ትደውላላችሁ፤ የሚያነሳ የለም። ሙከራ ነው ብዬ ነው የሰጠሁት። መጠየቅ ነበረብኝ።»

ወይዘሮ አስካለ ካለችበት ተነሳች። «እኔ ድምፄን የሰጠሁት ለበግ ነው፤ ለቁማር አይደለም። የእኔ ልጅ ኳስ ሲወራረድ እኔው ነኝ እንዴ የማዋውለው?»

ሰዉ ሳቀ፤ ሙሉጌታም ሳይወድ ሳቀ። አቶ ደምሴ ግን አልሳቁም። «ይዘጋ» አሉ። «ማሽኑም ኩባንያውም ይዘጋ። በፊትም ያለ እሱ ኖረናል።» ብዙ ራስ በእሺታ ተነቀነቀ። ያኔ ሁሉም ነገር ያለቀ መሰለኝ።

እትዬ የሺ እንደገና ተነሳች። «አባቴ፣ ለዘላለም የተዘጋ ጓሳ ማንን ጠቅሞ ያውቃል? ቤቱ በምን ይከደናል? የሚዘጋው እኮ ሊታጨድ ነው» አለች። ከዚያ የተናገረችው ነው ዛሬ ድረስ የምንሠራበት። ድምፁ የማኅበሩ ሆኖ ይቀራል፤ አይሸጥም። ኩባንያው ለሌላ ሥራ ሊያውለው ከፈለገ ለምን እንደሆነ ጉባኤ ፊት ቆሞ ይጠይቃል። ከተፈቀደለት ለተወሰነ ጊዜ ይከፈትለታል፤ ጊዜው ሲያልቅ ይዘጋል፣ እንደገና ይጠይቃል። የበጉ ጥሪ ለማንም በነፃ እንደሆነ ይኖራል። በማኅበሩ ወንበር የተቀመጠ በኩባንያው አይቀመጥም፣ ደሞዝም አይበላም። ሙሉጌታ ይህን ተቀብሎ ከማለ ወደ ሥራው ይመለስ።

አቶ ደምሴ ወደ ሙሉጌታ ዞሩ። «ጥሩ ነው» አሉ። «ሙሉጌታ ይማል። አንቺስ የትኛው ዛፍ ላይ ነሽ?»

ሁላችንም የኩባንያውን ትመርጣለች ብለን ነበር። ማሽኑን የወለደችው እሷ ናት። ቤታችንን የያዘው ደሞዟ ነበር፤ እናታችን ታማሚ ናት። ከሁሉ በላይ ሥራውን ትወደው ነበር። ማሽኑ አንድ የሽማግሌ ቃል ሲገባው እንደ ሕፃን ታጨበጭብ ነበር።

«የማኅበሩን» አለች። «ልጄን ዳርኩ። አማት ከሙሽሮች ቤት አታድርም።»

ሰዉ ሳቀ፣ እልል አለ። እኔ ግን ዓይኗን ስላየሁት አልሳቅሁም።

ሙሉጌታ ማለ፤ ውርርዱም ቆመ። ሰኞ ጨዋው ልጅ ስልክ አነሳ። ከአዲስ አበባዎቹ ባለሀብቶች ግማሾቹ ቀሩ፤ ግማሾቹ ደግሞ በተባለው ሕግ ገቡ። እትዬ የሺ በቴክኒክ ኮሌጁ ማስተማር ጀመረች፤ ደሞዙ ያነሰ ነው። ከኩባንያው ቢሮ በር አልፋ ስትሄድ ወደ ውስጥ አታይም። ከሙሉጌታ ጋር በየጉባኤው ይከራከራሉ፤ ከጉባኤው ሲወጡ አብረው ምሳ ይበላሉ። አንድ ጊዜ፣ «አማቴ፣ ዛሬ እኮ አዋረድሽኝ» ሲላት፣ «ማን ፊት?» አለችው። «ሁሉም ፊት» አላት። «እንግዲያው ደህና» አለችው።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ታመመች፤ ጉበት ነው ተባለ። ብዙም አላቆያት። ሙሉጌታ አስከሬኗን ከተሸከሙት አንዱ ነበር፤ ለሌላ ሰው አልለቅም ብሎ እስከ መጨረሻው ተሸከመ። እኔ የሠራችውን ነገር ታላቅነት የተረዳሁት ለቀብሯ የመጣውን ሰው ሳይ ነው። መኳንንት የቀበሩ ይመስል ነበር። ሁሉም ግን ባለ በግ ነው።

አርባዋ ከወጣ በኋላ ማኅበሩ አዲስ ሊቀመንበር ሊመርጥ ተሰበሰበ። አንድ ሰው ተነስቶ፣ «ወንድሟ ደረጀ አለ አይደል? ቦታዋን እሱ ይያዝ» አለ። ሰዉ አጨበጨበ። አንዳንዱ ያለቅስ ነበር። ልቤ ሞላ፤ አልዋሽም። እሷ የተቀመጠችበት መቀመጥን የመሰለ ምን አለ?

ተነሳሁ። «እኔ የኩባንያው ሠራተኛ ነኝ» አልኩ።

«ተወዋ። እሷስ ትታ የለ?» አለ ሰውየው።

«እሷ ትታ የመጣችው አስባበት ነው። እኔን የምትጠሩኝ ወንድሟ ስለሆንኩ ነው።» ወደ ሰዉ ሁሉ ዞርኩ። «እንዲህ ከሆነ ነገ ልጄን ትጠራላችሁ።»

ያስቀየምኳቸው መሰለኝ። አቶ ደምሴ ወደ መሬት እያዩ፣ «ልጁ እውነቱን ነው። ሌላ ሰው ምረጡ» አሉ። ተመልሼ ከኩባንያው ልጆች ጋር ተቀመጥኩ።

ወይዘሮ አስካለን መረጡ። «እኔ ማንበብ አልችልም» ብላ ተግደረደረች። «አንባቢ እንመድብልሻለን፤ የሚናገር ነው ያጣነው» አላት አንዱ፤ የቀየት ሰዎች ሳቁ። ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፣ ነጠላዋን አስተካከለች። ሙሉጌታ ከፊት ረድፍ፣ ከቦርዱ አባላት ጎን ተቀምጦ ነበር።

«ኢንጂነር፣ አንተ ወደዚህ ፊታችን ቁም» አለችው። «ዘንድሮ ድምፃችንን ለምን ለምን ልታውለው አስበሃል? ከኋላ ያሉትም እንዲሰሙ አድርገህ ተናገር።»

ሙሉጌታ ኮፍያውን አውልቆ ቆመ። ሁለት ነገር ጠየቀ። የመጀመሪያው ለእናቶች የጤና ምክር ነበር፤ ተከራክረው ፈቀዱለት። ሁለተኛው ለአንድ የንግድ ድርጅት ማስታወቂያ ነበር። ወይዘሮ አስካለ ሰዉን ዞር ብላ አየች። እጅ የሚያወጣ ጠፋ።

«ተዘግቷል» አለችው።

«እሺ» ብሎ ተቀመጠ።